ከፍርዱ በኋላ ያለውንም አስተምሩ

የሰብአዊ መብት ሥልጠና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ1948 ከወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሠልጣኙ 30ዎቹን አንቀጾች ያነባል፣ ይፈተናል። ሥራ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያዋ ተበዳይ ፊቱ ስትቀመጥ ግን ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ በእውነተኛ ጉዳዮች እናስተምር የሚለው ሐሳብ ይመቸኛል። ቅር የሚለኝ ጉዳዮቹ የሚነገሩበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ በድል ያልቃሉ። ፍርድ ቤቱ ወሰነ፣ ተጨበጨበ፣ የሻይ ሰዓት ደረሰ።

የደቡብ አፍሪካዋን አይሪን ግሩትቡምን እንውሰድ። መጠለያ አጥተው ሜዳ ላይ ከሰፈሩ 900 ገደማ ሰዎች አንዷ ነበረች። አብረው መንግሥትን ከሰሱ። በ2000 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የቤት ፕሮግራሙ የባሰ ችግር ላይ የወደቁትን መርሳቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ውሳኔው ዛሬም በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። እሷ ግን በ2008 ስትሞት ገና ቤት አላገኘችም ነበር።

ለእኔ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ አፈጻጸሙን ራሱ ለመከታተል በእጁ አላቆየውም። ታዲያ ማን ይከታተል ነበር? ጠበቃው? ነዋሪው? በማን ገንዘብ? ሠልጣኞች በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ቢከራከሩ ከአንድ ሳምንት ገለጻ የበለጠ ይማራሉ።

ሌላው የሆንዱራሱ የማንፍሬዶ ቬላስኬዝ ጉዳይ ነው። ተማሪ ነበር። በ1981 ተይዞ ደብዛው ጠፋ። የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1988 መንግሥቱን ተጠያቂ አደረገ። አስገድዶ መሰወርን በተመለከተ ፈር ቀዳጅ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ገና ሳያልቅ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ የመሰከረ ሰውና አንድ እንዲመሰክር የተጠራ ሰው ተገደሉ።

አስተማሪ ብሆን መዝገቡን እዚህ ላይ እዘጋዋለሁ። ከዚያ አንዷን ሠልጣኝ እጠይቃለሁ፦ ቀጣዩ ምስክር ደውሎ «ልምጣ ወይስ ልቅር?» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ለዚህ የሚጠቀስ አንቀጽ የለም። ዝም ብትልም ምንም አይደለም፤ ዝም የሚያሰኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለጉዳዩ በሕይወት ካለ ታሪኩን ከማስተማራችን በፊት እንጠይቀው። ለፍርድ ቤት ቃሉን ሰጠ ማለት በየአዳራሹ ስሙ እንዲነሳ ፈቀደ ማለት አይደለም። ደስ ካላለው ሌላ መዝገብ ይፈለግ።