ይድረስ ለክቡር ስብሰባ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ፊርማ ከአዳራሽ እንዲወጣልን ስለመጠየቅ

እኔ በጅማ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ «ኃላፊው የሉም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን የዘበኛውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማ ቆጥሬ ስላልዘለቅሁት፣ በአካል ላገኝዎ ያልቻልሁትን እርስዎን በጽሑፍ ለማነጋገር ተገድጃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ደንበኛዬ ከግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ሲባል ቆይቶ፣ ሌሊት የያዘውን ቆሮሶና አምባዛ በእርጥብ ኮባ ጠቅልሎ በጆንያ ተሸክሞ ሲደርስ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አልሆነም። የሚፈልገው፣ ሴት ልጁን ወባ እየተመላለሰ ስለሚጥላት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መንግሥት ከሚከፍልላቸው አቅመ ደካሞች ጋር ስሙ እንዲሰፍር ነው። (ግድቡ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እያለው እርሱ ዓሣውን የሚያቆይበት አንድ ማቀዝቀዣ እንደሌለው ግን ማመልከቻው ላይ አልጻፍሁም፤ ከጉዳዩ ወጣ ይሉኛል ብዬ ነው።)

ገበሬ እንዳይባል ማሳው ከውሃ በታች ቀርቷል፤ ሠራተኛ እንዳይባል ቀጣሪ ስለሌለው ጡረታም የለውም፤ ነጋዴ እንዳይባል ሀብቱ ሁለት መረብና የታንኳ ግማሽ ነው፤ ግማሹ የወንድሙ ነውና። ለዓሣው እንኳ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቶለታል፤ አጥማጁ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ ግን እርስዎ ገና እየተወያዩበት ነው። ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም፤ በአዳራሽዎ በር ላይ የተሰቀለው ባነር «የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ ስለማሻሻል» ይላል። ስለ እኛው እየተመከረ ስለሆነ ማጉረምረሙም ነውር መሰለንና ዝም አልን።

ቆሮሶ ግን ትዕግሥት የለውም። አምስት ሰዓት ሲሆን ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሆዱ ለሰለሰ፣ ዝንቡም ከእኔ ቀለም ይልቅ እርሱን መረጠ። አምባዛው ከውሃ ወጥቶም አየር መሳብ ስለሚችል፣ ጆንያው ውስጥ እየተንፈራገጠ እርስዎን መጠበቁን ቀጠለ።

ለሻይ ሲወጡ ከተሰብሳቢዎችዎ አንዱ ወደ ጆንያው ጎንበስ ብሎ «የትናንት ነው እንዴ?» አለና ሦስት ቆሮሶ በግማሽ ዋጋ ወሰደ፤ ደንበኛዬም የመመለሻ ሒሳብ ስላልነበረው እሺ አለ። ሰውየው ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ዘበኛው ስንፈልገው የዋልነው ኃላፊ እርሱ እንደነበር የነገረን።

አሥር ሰዓት ላይ ለነገ አድረዋል ስለተባለ፣ ነገ ሲቀመጡ ቢያንስ ማኅተሙን ከበር ውጭ እንዲያስቀምጡልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዘበኛው
በጆንያ ውስጥ ለሚገኘው አምባዛ