ደብተሩን ያስዋሸው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የጤና ባለሙያ በሬዲዮ ቀርበው ስለ ስኳር ሕመምተኛ ልጆች ሲናገሩ ሰማሁ። «ልጆች ራሳቸው የለኩትን የደም ስኳር ቁጥር አትመኑ፤ አዋቂ ይለካቸው» አሉ። አቅራቢውም «ልክ ነው» ብሎ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። በቀን ስድስት ጊዜ ጣቷን የምትወጋው የ11 ዓመት ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

እስቲ ይህቺን «አዋቂ ይለካ» የምትባለዋን እንያት። የስኳር መለኪያው ማሽን ዕድሜ አይጠይቅም። የሚያየው የደም ጠብታዋን ብቻ ነው። ልጅ ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ ቢለካ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። ፕሮፌሰርም ቢለካ ያው ነው። በአልኮል ጠረግ ማድረግም አያስተማምንም፤ በውሃ መታጠብ ነው የሚያዋጣው። የስትሪፑ፣ የደም ጠብታዋን የሚቀበለው የመለኪያ ቁራጭ፣ ዕቃ ክዳኑ ሳይገጠም ቢያድር፣ ሙቀት ቢያገኘው፣ ጊዜው ቢያልፍበት፣ ደሙ ቢያንስ፣ ጣት ተጨምቆ ተጨምቆ ቢወጣ ቁጥሩ ይዛባል። ከእነዚህ ውስጥ ጢም ሲበቅል አብሮ የሚጠፋው ስህተት የትኛው ነው?

ማሽኑስ ቢሆን መቼ መልአክ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይ ኤስ ኦ 15197፣ ከ100 ልኬቶች 95ቱ ከላቦራቶሪው ውጤት ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ነው የሚጠይቀው። ስኳሩ በዴሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ደግሞ የ15 ሚሊ ግራም ልዩነት ይፈቅዳል። እውነተኛው ስኳር 200 ሆኖ ማሽኑ አንዴ 172፣ አንዴ 228 ቢል ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ማሽኑ ሲሳሳት «ተፈቅዶለታል»፣ ልጅቷ ስትለካ «አትታመንም»። ጉድ እኮ ነው!

ይበልጥ ያበገነኝ ግን ባለሙያው ሁለተኛ ያሉት ነው፦ «ልጆች ልኬታቸውን የሚመዘግቡበት ደብተር ላይ የፈጠራ ቁጥር ይጽፋሉ።» አዎ፣ ይጽፋሉ። አዋቂዎችም ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቁጥሩን በውስጣቸው የሚያስቀሩ ማሽኖች ሲመጡ፣ የአዋቂዎቹ ደብተርና ማሽን አልገጥም ብለው ተገኝተዋል።

ልጅ ግን ለምን ቁጥር ይፈጥራል? ፊታችንን አይቶ ነዋ። 110 ሲሆን «ጎበዝ!» እንላለን። 290 ሲሆን «ምን በላሽ?» ብለን እናፈጣለን። ስኳር በመብል ብቻ የሚወጣ ይመስል። ጉንፋን ያወጣዋል፣ ጭንቀት ያወጣዋል፣ የጉርምስና ሆርሞን ያወጣዋል። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ተቆጥተነዋል። ቁጥሩን የፈተና ውጤት አደረግነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ ይሰረዛል፣ ይደለዛል። ሐኪሙም በዚያ በተደለዘ 140 ላይ ተመሥርቶ ኢንሱሊን ይወስናል። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ምርመራ ሲመጣ ጉዱ ይወጣል። ያኔ እንደገና ቁጣ። ከቁጣው በኋላ የሚመጣው ደብተር ደግሞ ከበፊቱም ያማረ ይሆናል።

ከራሴ ልነሳ። አንድ ቀን 312 አይቼ ምንም አላልኩም፤ ብቻ በረጅሙ ተነፈስኩ። ያቺ ትንፋሽ በቃች። በሚቀጥለው ሳምንት የልጄ ደብተር ከ90 እስከ 130 ብቻ ሆነ። ስኳር እንዲያ ተሰልፎ አያውቅም። ማሽኑን ከፍቼ ሳየው 280ም፣ 65ም ነበረበት። ያቺን 65 ሳስባት አሁንም ሆዴ ይርዳል። ያስደበቃት ግን የልጄ እጅ ሳይሆን የእኔ ፊት ነው።

ትንሽ ልጅ ብቻውን ይተው አልወጣኝም። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ልጅ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ አዋቂ አጠገቡ ይኑር። ግን ማገዝ ሌላ፣ መሣሪያውን ከእጁ መንጠቅ ሌላ። ነገ ከነገ ወዲያ ብቻውን የሚለካ ሰው ዛሬ «አትታመንም» እየተባለ ነው የሚያድገው?

ሬዲዮው እንዳለቀ ልጄ «አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ የምትለካኝ?» አለችኝ። «ኧረ አይደለሁም» አልኳት። እጇን ታጥባ መጣች፣ ለካች። 241። ቀና ብላ ፊቴን አየች።

«ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው።