እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

«አሥር ሜትር ብቻ እኮ ነው!» ይህን ሪብሪዘር በተባለው የመጥለቂያ መሣሪያ ከሚጠቀሙ ጠላቂዎች በሰማሁ ቁጥር እጨነቃለሁ።

ሪብሪዘር ጠላቂው ያስወጣውን ትንፋሽ ወደ ውኃው አይለቅም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በኬሚካል ያጣራል፣ የጎደለውን ኦክስጅን ይሞላል፣ መልሶ ያስተነፍሳል። አረፋ ስለማይወጣው ዓሣ አይደነብርም፤ ለባሕር ፊልም ቀራጭ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለመዝናናት ብቻ ኮራል ሊያይ ለሚወርድ ሰው ግን ተራው የአየር ሲሊንደር ይሻለዋል እላለሁ።

ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል መሳብ ይከብዳል፤ ጠላቂው ወዲያው ያውቃል። በሪብሪዘር ኦክስጅን ሲጎድል ግን ትንፋሹ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ይወጣል። ሰውነታችን «ታፈንኩ» ብሎ የሚጮኸው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማችበት ነው፤ እሱን ደግሞ ማጣሪያው ወስዶታል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ራሱን ይስታል።

ታዲያ ጥልቀት ማነሱ ለምን አያድንም? ለሰውነት ወሳኙ የኦክስጅኑ መቶኛ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይም አየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ተራራ ወጪው የሚያለከልከው የአየሩ ግፊት ስለቀነሰ ነው። በባሕር ውስጥ ግፊት ከውኃው ገጽ እስከ 10 ሜትር በእጥፍ ይጨምራል፤ ከ30 እስከ 40 ሜትር ግን በሩብ ብቻ። እንግዲህ መሣሪያው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይታወቅ ወደ 8 በመቶ ወርዷል እንበል። 10 ሜትር ላይ የኦክስጅኑ ግፊት 0.16 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ከምንተነፍሰው ጋር ይቀራረባል፣ ጠላቂውም ደህና ነው። ሽቅብ ሲወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 0.08 ይወርዳል። ይህ ወደ ኤቨረስት ጫፍ የተጠጋ ነው፤ ያውም ሳይለማመዱት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይሄ ነው።

ካናዳዊው የሻርክ ፊልም ሠሪ ሮብ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ፍሎሪዳ ውስጥ በሪብሪዘር ጠልቆ ሲሞት የወረደው ወደ 70 ሜትር ገደማ ነበር። ራሱን የሳተው ግን እዚያ ታች አይደለም። ከወጣ በኋላ፣ የውኃው ገጽ ላይ ሆኖ፣ «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት አሳይቶ ሰመጠ። አብሮት የጠለቀውም ጀልባው ላይ እንደወጣ ወደቀ፤ እሱ ግን ኦክስጅን ተሰጥቶት ተረፈ። የስቱዋርትን አስከሬን የመረመሩት ሐኪም ለሞቱ ምክንያት ያሉት የኦክስጅን እጥረትና መስጠም ነው።

ንጹሕ ኦክስጅን የሚጠቀመው የወታደሮች ሪብሪዘር ደግሞ በተቃራኒው ያጠቃል። ከ6 ሜትር በታች ሲወርዱ ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ሆኖ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ታዋቂው ፈረንሳዊ ጠላቂ ዣክ ኩስቶ በወጣትነቱ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጦ ለጥቂት ነው የተረፈው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአንድሩ ፎክ ጥናት ከ1998 እስከ 2010 በሪብሪዘር የሞቱ 181 የመዝናኛ ጠላቂዎችን ቆጥሯል፤ አደጋው ከተራው ሲሊንደር 10 እጥፍ ገደማ እንደሚሆንም ገምቷል።

መጠቀሙ ግድ ለሚሆንበት ሰው ከፈረንሳይ ወታደሮች የሚማረው አለ። ከ1979 እስከ 2009 ከደረሱባቸው 153 አደጋዎች 54ቱ ራስን የመሳት ነበሩ፤ የሰመጡት ግን 3 ናቸው። በአፍ የሚያዘውን መተንፈሻ ከፊታቸው ጋር በማሰሪያ ያስራሉ፣ ራሱን የሳተ ሰው ውኃ እንዳይውጥ። ጓደኛም ከጎናቸው አይለይም። ብዙ የመዝናኛ ጠላቂዎች ግን ዛሬም ያለዚያ ማሰሪያ ይወርዳሉ፣ 10 ሜትር ብቻ ነው እያሉ።