«አጥባችሁ ብሉ» ቁጥጥር አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ በምግባችን ውስጥ ስለሚገኘው የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት የተጠየቁ አንድ ባለሙያ፣ ኅብረተሰቡ አትክልቱን በሚገባ እያጠበ እስከተመገበ ድረስ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ተናግረው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። አወያዩም አላስቆማቸውም። የሕዝብ ጤና ጥያቄ በዚህ መልስ የሚዘጋ ከሆነ፣ መልሱ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

ቲማቲምን እንውሰድ። በየመስኖ ማሳው ለፈንገስ በሽታ ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪዶሚል ጎልድ በአንድ ከረጢት ሁለት ኬሚካሎችን ይዟል፤ ማንኮዜብና ሜታላክሲል። ማንኮዜብ በፍሬው ልጣጭ ላይ ፈዛዛ ዱቄት መስሎ ይቀራል፤ ውሃ የሚደርስበትም እሱ ነው፣ ያውም በከፊል። ሜታላክሲል ግን የተሠራው ወደ ተክሉ ገብቶ እንዲሰራጭ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን የሚያወጣበትም ለዚሁ ባሕርይው ነው። አንዴ ወደ ተክሉ የገባን ኬሚካል የትኛው እጥበት ያወጣዋል? ቲማቲሙ ወጥ ውስጥ ገብቶ ሲበስል ደግሞ ከማንኮዜብ የተረፈው በሙቀቱ ተለውጦ፣ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርምር የታይሮይድ ዕጢን እንደሚጎዳ የታወቀ ሌላ ንጥረ ነገር ይወጣዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የማንኮዜብን ፈቃድ የሰረዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ሊቆጠሩ የሚገባቸው ቀናት ተጽፈዋል። ነገር ግን የቲማቲም ዋጋ በድንገት ሲንር፣ ደላላው አይሱዙውን ማሳው ዳር ሲያቆም፣ ትናንት የተረጨው ዛሬ ተለቅሞ በሳጥን ይጫናል። ገበያ ሲደርስ መቼ እንደተረጨ የሚጠይቅም፣ ናሙና የሚወስድም የለም።

ለመሆኑ ምክሩ ለአትክልት ብቻ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በጅማ ዞን በተሰበሰቡ የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የበርበሬና የቡና ናሙናዎች ላይ ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ ተባይ ቅሪቶችን አግኝቷል። ጤፍ ይነፋል እንጂ አይታጠብም። በየዕለቱ እንጀራ የሚበላ ሰው ምን አጥቦ ይብላ? ባለሙያው ይህን የሚያጡት አይመስለኝም፤ ለዚህም ነው ምክራቸው ይበልጥ የሚያስቆጣው፤ የመንግሥትን ግዴታ አንሥቶ በእናቶች ትከሻ ላይ ጭኗልና።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ስለ ቅሪት የምንጨነቅበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ይኸውም የውጭ ገዢ ሲቆጣ ነው። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከአገራችን በገባ ቡና ላይ ከፈቀደችው መጠን ያለፈ ቅሪት አግኝታ ንግዱ በተስተጓጎለ ጊዜ፣ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በታሸገበት ጆንያ ላይ ሲሆን፣ ጃፓን የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል የምትፈቅደው በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ያኔ ገዢዎቹን በምክር ማሰናበት አልተቻለም፤ የጠየቁት የላቦራቶሪ ውጤት ነውና። የቶኪዮው ቡና ጠጪ በናሙና ሲጠበቅ የሰበታው ተመጋቢ በምክር የሚሸኝበት ምክንያት፣ ጃፓናዊው እምቢ ብሎ ዕቃውን መመለስ ስለሚችል የእኛ ሰው ግን ስለማይችል ካልሆነ በቀር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከእህልና ከአትክልት በቀር ሳይቀምስ የሚጾም ሕዝብ እኮ ከማንም በላይ ጥብቅ ቁጥጥር ይገባዋል።

የቅሪት መመርመሪያው መሣሪያ ውድ ነው ይባላል። ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሁሉን ምርት በአንድ ጊዜ መርምሩ ያለ የለም። ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከጥቅል ጎመንና ከጤፍ መጀመር ይቻላል። ቁጥጥር ገበሬውን ይጎዳዋል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ጨርሶ አይዋጥልኝም፤ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ፣ ነፋሱ የመለሰውን ጉም እየተነፈሰ የሚውለው ማን ሆነና!

ሕጉ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በነጋሪት ጋዜጣ ወጥተዋል። ኬሚካሉ በአንደኛው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ምግቡ በሌላው ሥር ነው፤ ቅሪቱ ግን በሁለቱ መካከል ባለቤት አጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን ለሕዝብ ያወጣሉ። ከግብርና ባለሥልጣንና ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምጠብቀው ይህንኑ ነው፤ በአዲስ አበባ ገበያዎች ከሚሸጡ ምርቶች በየወሩ ናሙና ተወስዶ፣ የትኛው ምርት ከየት አካባቢ መጥቶ ምን ያህል ቅሪት እንደተገኘበት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች በግልጽ ይውጣ፤ ከገደቡ ያለፈው ጭነትም ለሸማቹ ሳይደርስ ይወገድ።