ዋይፋይ ቦኖ አይደለም

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ብናገር ንፉግ ተባልኩ። ስለዚህ እዚህ ልተንፍሰው። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አስተማሪ ነኝ። ከግቢዬ አጥር ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድሮ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። አሁን ሰው ተቀምጦበት ተቀምጦበት ልስልስ ብሏል። ማታ ማታ ልጆች ጋቢ ተከናንበው ይደረደሩበታል። የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ሌሊት እንኳ በመስኮት ስመለከት የስልኩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፎ አያለሁ። ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይነካሉ። ግን አይነሱም። አሳዝነውኝ ሻይ ያወጣሁላቸው ቀን ብዙ ነው።

ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ ገብቷችኋል። ዋይፋዬ እዚያ ድረስ ይደርሳል።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ 2015 ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ በገመድ የሚገባ መስመር ያለን ሰዎች ጥቂት ነበርን። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ትልቁ ልጃቸው ውጭ አገር ነው። ድምፁን ከሰሙ ሰነባብተዋል። አንድ ቀን ትንሹን ልጃቸውን አስከትለው መጡ። «እባክሽ ልጄ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ልወቅ» አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ፓስወርዱን ልጁ ስልክ ላይ በእጄ አስገባሁለት። እናቴ እሳት ሊጭር የመጣን ሰው ባዶ እጁን መልሳ አታውቅም። በርበሬው፣ ጨው፣ ምጣዱ፣ የቡና ሲኒው፣ ሁሉም ከቤት ቤት ሲዞር ነው ያደግነው። ዋይፋይም እንደዚያ መሰለኝ።

አልነበረም። እሳት ጭሮ የሄደ ሰው በዚያ ፍም የሌላ ሰው ቤት ቢያቃጥል፣ ፍሙ ላይ የኔ ስም አልተጻፈም። ዋይፋዩ ላይ ግን ተጽፏል።

ከፖሊስ ጣቢያ ሲደወልልኝ ፈተና እያረምኩ ነበር። «የምንጠይቅዎት ነገር ስላለ ብቅ ይበሉ» አለኝ ሰውዬው። በትህትና ነው የተናገረው። እኔ ግን እግሬ ተብረከረከ። በዕድሜዬ ጣቢያ የሄድኩት አንዴ ነው፣ እሱም መታወቂያዬ ጠፍቶብኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሌሊት፣ 7 ሰዓት አካባቢ፣ የአንዲት ሴት ቴሌግራም ተጠለፈ። የጠለፈው ሰው በሷ ስም ለዘመዶቿ ሁሉ ጻፈ። «ቸግሮኝ ነው፣ በዚህ አካውንት ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ።» ሦስት ሰው አምኖ ላከ። በጠቅላላ 18 ሺህ ብር። በአዲስ ስልክ ሲገባባት ቴሌግራም ማስጠንቀቂያ ልኮላት ነበር። መልዕክቱ ውስጥ የገባበት ኢንተርኔት ቁጥር ነበረበት፣ አይፒ አድራሻ የሚባለው። ሴትየዋ ጎበዝ ናት፣ አልሰረዘችውም። ቁጥሩ ሲጣራ የኔ ስም ወጣ። ሙሉ ስሜ፣ ከነአያቴ።

«መስመሩ የእርስዎ ነው?»
«አዎ።»
«ታዲያ በዚያ ሌሊት ማን ይጠቀምበት ነበር?»

ምን ልበል? የሚጠቀሙበትን ስድስት ሰዎች የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ይሄን ነገር ያኔ ነው በደንብ የተረዳሁት። ራውተሩ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን ማለቴ ነው፣ እሱ ላይ አንድ ስልክ ይኑር ሃያ፣ ከውጭ የሚታየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ራውተሩ ለየስልኩ የውስጥ ቁጥር ያድላል። ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም የኔን ጋቢ ለብሰው ነው የሚወጡት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ስለዚህ የኔ ስም አይጠፋም። ከግቢ ውጭ የነበረው ልጅ ስልክ ግን የሚታየው እኔ ራውተር ውስጥ ብቻ ነው። የኔ ራውተር ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር መዝገቡን ይረሳል። በዚያ ሳምንት መብራት ስንቴ እንደጠፋ መቁጠር አቅቶኛል። መርማሪው ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ። ስልኬንና ላፕቶፔን አስረክቤ፣ ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ። ስልኬ የተመለሰልኝ በ9ኛው ቀን ነው።

ቤት ስገባ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ኮምፒውተር ያጠናል። 192.168.1.1 ብሎ የራውተሩን ገጽ ከፈተ። ስምም ፓስወርድም «አድሚን» ብሎ ሞከረ። ገባ! የገጠመልኝ ባለሙያ እንደመጣ ትቶት ነው የሄደው። እኔም ይቀየራል ያለኝ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን ሲያወጣው 19 ስልክ ተደርድሯል። የቤታችን 6 ነው። ቀሪው 13 የማን ነው? ግማሹ የስልክ ሞዴል ብቻ ነው የሚጽፈው። አንዱ ላይ የቀድሞ ተማሪዬን ስም አየሁ። ሆዴ ተላወሰ።

የእትዬን ልጅ ጠየቅሁት። አልዋሸኝም፣ ለሱ አመሰግነዋለሁ። ለሁለት ጓደኞቹ ብቻ ነው የሰጠው። ፓስወርዱን እንኳ አልነገራቸውም። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ባሉት ስልኮች ዋይፋዩ ላይ «አጋራ» ስትሉ ኪውአር ኮድ ይወጣል፣ ጓደኛ በካሜራው ያነሳና ይገባል። ብዙዎቹ ላይ ፓስወርዱም ከኮዱ ሥር በግልጽ ተጽፎ ይታያል። ጓደኞቹ ደግሞ ለጓደኞቻቸው። አንዱ የኮዱን ፎቶ ይዞ በ20 ብር ይሸጥ ነበር አሉ። ስም አውጥተውለታል፣ «የቲቸር ዋይፋይ»። እኔ ወር በወር እከፍላለሁ፣ መንገድ ላይ ይቸረቸራል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የገዛ ፓስወርዴ ነው። የስልክ ቁጥሬ ነበር። እናንተም እንደዚያው እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሰፈሩን ብትዞሩ ግማሹ ቤት በስልክ ቁጥር ነው የተቆለፈው። የኔ ቁጥር ደግሞ በሬ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» ከሚለው ሥር በቀለም ተጽፏል! ባይጻፍስ? የእህቴ ልጅ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን አየር ላይ መቅዳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አጥሬ ሥር መቀመጥ አያስፈልገውም፣ ቤቱ ሆኖ ኮምፒውተሩን እያስገመተ ያድራል። በ09 የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ ቁጥር የሚገመተው 8 አሃዝ ብቻ ነው፣ 100 ሚሊዮን አማራጭ። ለኛ ብዙ ይመስላል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ራውተሩ ላይ ያለችው፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ ስልክ የምታገናኘው፣ ደብልዩፒኤስ የምትባል ቁልፍም ሌላ ጉድ ናት። ባለ 8 አሃዝ ፒን አላት። ግን በ2011 እ.ኤ.አ. እንደተጋለጠው ፒኑን ለሁለት ከፍላ ነው የምታመሳክረው፣ የመጨረሻው አሃዝም ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 11 ሺህ ሙከራ ይበቃል። ቢበዛ። ፓስወርዳችሁ ምንም ያህል ቢረዝም በዚህች ቀዳዳ ይገባል። እኔ ቤት ተከፍታ ነበር።

አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ የሆነውን አንብቤ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ። ቂሙን ሊወጣ የጎረቤቱን ዋይፋይ ሰበረና በዚያ መስመር፣ በጎረቤቱ ስም፣ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ የግድያ ዛቻ ላከ። ጸያፍ ምስሎችም ላከ። የደኅንነት ሰዎች የመጡት ያ ምንም የማያውቅ ጎረቤት ዘንድ ነው። እውነቱ የወጣው መስመሩ ላይ የሚያልፈውን የሚመዘግብ መቅጃ ተደርጎ የጠላፊው ስም ስለተገኘ ነው። ሰውዬው በ2011 እ.ኤ.አ. 18 ዓመት ተፈረደበት። ያ ጎረቤት መቅጃ የሚያስገባለት ባለሙያ አገኘ። እኔ ማን አለኝ?

እሺ፣ አሁን ዘግቻለሁ። ፓስወርዱ አምስት እርስ በርስ የማይገናኙ ቃላት ናቸው፣ ማንም ከማንነቴ አይገምታቸውም። የአድሚኑም ተቀይሯል፣ ደብልዩፒኤስም ጠፍታለች፣ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚቻልበት በርም ተዘግቷል። ሶፍትዌሩም ታድሷል። ራውተሩን ከመስኮቱ ላይ አንስቼ መሃል ቤት አስገባሁት። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን የሚረዳ እንዳይመስላችሁ፣ በቀላል መተግበሪያ ይታያል። ይሄ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አንድ ሰዓት! ለሷ አንድ ሰዓት ስንት ቀን እንደከፈልኩ አስቡት።

የሰፈሩ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። ዋይፋዩ በተዘጋ በማግስቱ አንዷ መንገድ ላይ አስቁማ «ምነው ቲቸር፣ የመንግሥት ደመወዝ እያለሽ ለልጆች ኢንተርኔት ትከለክያለሽ?» አለችኝ። ጣቢያ ስመላለስ ያየችኝ እሷው ናት። እትዬ ደግሞ ሁለት እሑድ ቡና አልጠሩኝም። ቅሬታቸው ይገባኛል፣ የልጃቸው ድምፅ ነው የተቋረጠባቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ አንቱ ስልክዎን ይዘው ቤቴ ይምጡ፣ እንደፈለጉ ያውሩ። ልጁም ለፈተና ያጥና።» ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ዋይፋይ ለብቻው ከፍቼበታለሁ፣ ከቤታችን ዕቃ ጋር አይገናኝም፣ ፓስወርዱንም በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ያም ሆኖ ውጭ ሲታይ ስሙ የኔው ስም ነው። ለዚህ ነው ማን እንደገባ እያየሁ የምከፍተው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የምዘጋው። እትዬ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «ባለፈው ጊዜ ስልክሽ ለምን እንደማይሠራ አላወቅሁም ነበር» አሉኝ።

ይሉኝታ ገድሎናል። ዋይፋይ እምቢ ማለት ጨው እንደመከልከል ነው የሚታየው። ሰው መታወቂያውን ለጎረቤት ያውሳል? ሲሙን አውልቆ «ዞር ዞር በልበትና መልስልኝ» ይላል? ዋይፋዩም ያው ነው። መስመሩን ሳስገባ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የመታወቂያዬ ኮፒ እዚያ አለ። ካፌ ያላችሁ፣ ግድግዳ ላይ ፓስወርድ ለጥፋችሁ ዓመቱን ሙሉ የማትቀይሩ፣ ተማሪ የምታከራዩ፣ እናንተንም ነው የማወራው። ገጣሚዎችም እባካችሁ። «አድሚን»ን ትታችሁ አትውጡ። ባለቤቱ አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ሴትየዋን ጣቢያ አግኝቻታለሁ። ከደብረ ሲና ነው የመጣችው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አንዱ ጫፍ ላይ እሷ፣ አንዱ ጫፍ ላይ እኔ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ጠጋ ብዬ «እኔ አይደለሁም እኮ፣ እህቴ» አልኳት። ስልኳን አወጣች። ያቺን የቴሌግራም መልዕክት ከፍታ አሳየችኝ። ቁጥሩ ላይ ጣቷን አድርጋ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

የኔ ነው።

ብሩ አልተገኘም። አካውንቱም በሐሰተኛ መታወቂያ የተከፈተ ነው ይላሉ። ሰኞ ጠዋት እንደገና ተጠርቻለሁ። እሷም ትመጣለች።