እርማት፦ «የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል» ለምትሉ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ሳይቀር የምሰማው ነገር አለ። «የዩኒቨርሲቲያችን ጥናት ሁሉ ለማዕረግ ዕድገት ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንድም በሽተኛ አልጠቀመም። ተማሪውን በጥናት ማድከም ይቅር» ነው ነገሩ።

አቧራ የሚጠጣ ጽሑፍ መኖሩን አልክድም፤ የእኔም መመረቂያ አንዱ ነው። «ሁሉ» የሚለው ግን ስህተት ነው።

ካላዛርን እንውሰድ። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው የሚይዛቸው በሽታ ነው። ካልታከመ ይገድላል። ድሮ ሕክምናው 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ መወጋት ነበር። ጎንደርና አርባ ምንጭ ከሱዳን፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ጋር የተሳተፉበት ጥናት፣ ሁለት መድኃኒት አጣምሮ 17 ቀን መስጠት ከ30ው ቀን እንደማያንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መክሯል። የተረፈው 13 ቀን ደግሞ ለቀን ሠራተኛ ቀላል አይደለም።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ ስልካችሁ ላይ ፐብሜድን (የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን ድረ ገጽ) ክፈቱ። ካላዛር፣ ፓሮሞማይሲን (ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ነው)፣ ምሥራቅ አፍሪካ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፍ ሙሉው በነፃ ይነበባል።

ጥናት ይቅር ቢባል መጀመሪያ የሚጎዳው የጤና ተማሪው ነው። ማስረጃ መመዘን ካልተማረ፣ ነገ አዲስ ሕክምና ሲመጣ ደህናውን ከማይረባው በምን ይለያል? ቅሬታችሁ ጥናቱ በአማርኛ ለሕዝቡ አይደርስም ከሆነ ግን፣ እሱ ላይ አብሬያችሁ ነኝ።