ውዳሴ መነጽር

ከእንጦጦ ማዶ ወርዶ ሱሉልታ ላይ ቤት የሠራ ሰው፣ ግድግዳው ገና ሳይለሰንና የበረንዳው ብረት ሳይቀባ የጦር ሜዳ መነጽር መግዛት ያምረዋል። አይፈረድበትም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ሲተኛበት ጋጋኖውና ዝዩ ይሰፍርበታል፣ በበጋ ከብቱ ይግጥበታል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሯጮቻችን ጤዛውን እየረገጡ ያልፉበታል፤ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሣ አቅርቦ ማየት የማይመኝ የለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ምኞቱ ሳይሆን መነጽሩ የሚመረመርበት ጥበብ ነው። የሌላ አገር ሰው መነጽርን በዓይኑ አይቶ ሲገዛ፣ እኛ ከዓይን አልፈን በእጅ፣ በጆሮና በኪስ መፈተን ችለናል፤ ይህን የሚያህል ዕውቀት ያለ አንድ ቃል ምስጋና መቅረቱ ስለከነከነኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ አምስት ሆነን ተቀምጠን ሳለ፣ ሁላችንም «ኢንጂነር» እያልን የምንጠራው (በምን እንደተመረቀ ግን ጠይቀነው የማናውቀው) ወዳጃችን ከዱባይ የተላከለትን መነጽር ከነካርቶኑ ታቅፎ መጣ። ካርቶኑ በክብር ተከፈተ። የመጀመሪያው መርማሪ እጁን በሶፍት ጠርጎ ተቀበለውና ዓይኑን ጨፍኖ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው። «ይከብዳል፤ ብረት ነው» ሲል ፍርዱን ሰጠ፤ ከጎኑ የነበረውም «ቀላል ዕቃማ ምኑ ዕቃ ነው» ብሎ አጸደቀለት። በእርግጥም ጠረጴዛው ላይ ከቀረበው ኪሎ ጥሬ ሥጋ ጋር ሳይተካከል አይቀርም። ወፍ ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት 8 በ42 የሚባለው መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም ይመዝናል፤ ፋብሪካዎቹም ከዚያ ላይ ጥቂት ግራም ለመቀነስ ብዙ ይደክማሉ። ምስኪኖች፤ ድካማቸው የእኛን ሚዛን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ተቀበሉት። እሳቸው የጆሮ ሊቅ ናቸው። ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጥፍራቸው ቆረቆሩት፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቁት፣ በመጨረሻም ጥንካሬውን ለማረጋገጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መቱበት። በመነጽሩ ሁለት በርሜሎች ውስጥ፣ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃኑ ፕሪዝም የሚባሉ የመስታወት ጡቦች ተቀምጠዋል፤ እነዚህ በፀጉር ስፋት እንኳን ከቦታቸው ፈቀቅ ቢሉ ሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያየ ቦታ ያያሉ። ዓይን ደግሞ ይሉኝታ ስላለው ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱን ምስል ጎትቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ግንባር ነው። ስለዚህ የጋሼ ፈተና ከሌሎች ፈተናዎች ሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት አለው፤ ሌሎች ፈተናዎች ጉድለትን ሲፈልጉ፣ የእሳቸው ግን ጉድለት ባይኖርም እንኳን ያበጃል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚሰርቀው የመስታወቱ ቀለም ነው። ኢንጂነር መነጽሩን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ የፊት መስታወቶቹ እንደ ሮማን ፍሬ ቀሉ፣ ነጸብራቁም ጣሪያው ላይ ተጫወተ። «አያችሁ? ቀዩ ሌሊትም የሚያሳየው ነው» አለ፤ ሁሉም ዝም ብሎ አደነቀ። እንግዲህ ባዶ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚደርሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ መጣበት ይመልሳል። መነጽር ደግሞ ብርሃኑ የሚያልፍባቸው አሥር ወይም ከዚያ የሚበልጡ ገጾች አሉት፤ ስሌቱን የሠራ ሰው፣ ካልተቀባ መስታወት ሲሶ ያህሉ ብርሃን ዓይን ሳይደርስ እንደሚጠፋ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ የዛይስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን ብክነት የሚቀንስ ስስ ሽፋን ሠራ፤ በደንብ የተሸፈነ መስታወት ፊት ለፊት ሲያዩት የሚያንጸባርቀው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ውስጡ ጨለማ ጉድጓድ ይመስላል። የሚያብረቀርቀው ብርሃን ወደ ዓይን አልገባ ብሎ የተመለሰው ብርሃን ነው። መስታወቱ ቀይ ሆኖ የሚታየውም ቀዩን ብርሃን ለባለቤቱ ማድረሱን ትቶ ለጎረቤት ስለሚያድል ነው፤ ባለቤቱ በውስጡ ሲመለከት የሱሉልታ ቀይ በሬ ሣር ሣር ይመስለዋል። ግን ይህ ምን ያደርጋል? መነጽር የሚያይበት አንድ ሰው ነው፤ መነጽሩን የሚያዩት ግን ብዙዎች ናቸው። ለብዙኃን ጥቅም ሲባል የአንዱ ዓይን ቢጨልም ይህ ለሕዝብ የተከፈለ መሥዋዕትነት ነው።

ከዚያ ቁጥሩ ተነበበ፤ 20 በ50። «ሃያ!» አሉ ጋሼ፤ «የእኔ ባለ ስምንት ነው፤ ይኼማ እጥፍ ድርብ ነው።» ጋሼ የዋህ ናቸው እንጂ፣ ገበያ ላይ 180 በ100 የሚል የተጻፈበትም አለ። የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቁጥር የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ እርሱን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። ከ8 በ42 ከ5 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ከ20 በ50 ደግሞ 2 ተኩል ይወጣል፤ ባለ 180ው እንደ ተጻፈበት ቢሆን ኖሮ ለዓይን የሚደርሰው ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ በመርፌ ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ማለት ነው። ከዚህም ጋር መነጽሩ ሩቁን ሃያ ጊዜ ሲያጎላ የእጅን መንቀጥቀጥም ሃያ ጊዜ ያጎላል፤ ሦስት እግር ላይ ካልቆመ በቀር፣ የቆመው ዛፍ እስክስታ ይወርዳል።

ዋናው ፈተና የተደረገው ወዲያው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው መጋዘን የቆርቆሮ ጣሪያ ተመረጠ፣ ምስማሮቹም ተቆጠሩ። አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው ሠላሳ አራት አለ፤ ትንሽ ደብዘዝ እንዳለበት የተናገረውን «ዛሬ ሜዳው ላይ ጭጋግ አለ» ብለን አስረዳነው። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ፈተናው እኩለ ቀን ላይ መሆኑ ራሱ ጥበብ ነው፤ በቀትር የሰው የዓይን ብሌን ወደ 2 እና 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ባለ 2 ተኩሉም መነጽር ይበቃዋል፣ ሁሉም መነጽር ደጋግ ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ብሌን ሲሰፋና ብርሃን ሲያንስ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ሱቁም ይዘጋል።

የጠመንጃ መነጽር መርማሪዎችንም ሳላነሣ ባልፍ ይቆጡኛል። ከነዚህ ብዙዎቹ ጠመንጃ የላቸውም፤ ስለዚህ ፍርዳቸው ከአድልዎ የጸዳ ነው። ባሌ ውስጥ ከውጭ አገር አዳኞች ጋር የሚሠራ አንድ አስጎብኚ፣ ለደጋ አጋዘን ለክቶ ያስተካከለውን ጠመንጃ አንድ ጊዜ በረንዳው ላይ አሳይቷቸው ነበር። እያንዳንዳቸው በየተራ የመነጽሩን እንቡጥ እያዞሩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ አጣጣሙ፤ «ድምፁ ራሱ ኦርጅናል ነው» ተባለ። በተለመደው አሠራር አንድ ቀጭታ 100 ሜትር ላይ ጥይቱን 7 ሚሊሜትር ያህል ያዛውራል፤ ሠላሳ ቀጭታ አንድ ስንዝር ይሆናል። አጋዘኑ ይህን ቢያውቅ ለሱሉልታ መርማሪዎች ቀንዱን ዝቅ አድርጎ እጅ በነሣ ነበር።

ወደ በረንዳችን ልመለስ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከሜዳው ጫፍ ውሾች ጮኹ፤ አንድ ግራጫ ነገር በአጥር ጥግ ሲያዘግም ታየ፤ ጅብ ይሁን ጥጃ አልለየነውም። እኔም ኢንጂነርን «እስቲ አንዴ አምጣው፤ መቼም ሌሊትም ያሳያል ብለሃል» አልኩት። መነጽሩን ከካርቶኑ አውጥቶ እያመነታ ሰጠኝ። ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው ሁሉም ነገር እንደ አጃ ሾርባ ሆነብኝ፤ አገላብጬ ባየው ፋብሪካው የለጠፈው ስስ ፕላስቲክ የፊት መስታወቶቹ ላይ እንዳለ ነው። ምስማሩን ሁሉ የቆጠርነው በእርሱ ውስጥ ነበር። በጥፍሬ ጫፉን ሳነሣ ኢንጂነር እጄን ያዘኝ።

«ኧረ እንዳትልጠው ወንድሜ፤ ልሸጠው ብል ዋጋ ያወርድብኛል።»

ጋሼም ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነቱን ነው፤ እሱ ካለ አዲስ ነው» አሉ። ግራጫው ነገር ግን በዚህ መሐል ከአጥሩ ጥግ ተሰውሯል።